የሲዬናው ፓላዞ ፑብሊኮ፦ ታችኛው ለምን ድንጋይ፣ ላይኛው ለምን ጡብ ሆነ?

ቅስት_ወዳጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ። ስለ ሲዬናው ፓላዞ ፑብሊኮ (የከተማዋ መንግሥት ሕንፃ) በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ የምናውቀውን እዚህ እናሰባስብ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ እንዲሆን፦ ሲዬና በመካከለኛው ጣሊያን፣ በቶስካና፣ በኮረብታዎች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ1287 እስከ 1355 የመራት «ዘጠኙ» የሚባል መንግሥት ነበር። ዘጠኝ ሰዎች፣ በብዛት ነጋዴዎችና የገንዘብ አበዳሪዎች፣ ለሁለት ወር ብቻ ይሾማሉ፤ ከዚያ ለሌሎች ዘጠኝ ይለቃሉ። ትልልቆቹ የመኳንንት ቤተሰቦች ከዚህ ሹመት ተከልክለዋል። ከፓላዞው በፊት ከተማዋ የራሷ መሰብሰቢያ አልነበራትም፤ ምክር ቤቱ በሳን ክሪስቶፎሮ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰብ ነበር፤ ሹማምንቱም በኪራይ ቤት ይሠሩ ነበር። መኳንንትን ለመግታት የቆመ መንግሥት የመኳንንት ቤት ተከራይቶ እንዴት ይዘልቃል? የግንባታው ምክንያት ከዚህ ይጀምራል።

ሥራው በ1297 ተጀመረ፤ ዘጠኙ በ1310 ገቡበት። መካከለኛው ረጅም ክፍል ቀደመ፤ ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎች ተከተሉ። የደወል ማማው፣ ቶሬ ዴል ማንጂያ፣ ከ1325 እስከ 1348 ተሠራ። የክንፎቹ ሦስተኛ ፎቅ ግን የመካከለኛው ዘመን ሥራ አይደለም፤ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የተጨመረ ነው። የመጀመሪያውን መልክ ማሰብ የሚፈልግ ሰው ያንን ፎቅ በአእምሮው ማንሳት አለበት፤ ያኔ መካከለኛው ክፍል ከክንፎቹ በላይ ብቻውን ብቅ ብሎ ይታያል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ምድር ቤቱ በድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ያለው በቀይ ጡብ የሆነው ለመልክ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ሁለተኛ፣ ማማው ከካቴድራሉ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ተሠራ የሚባለው እውነት ነው?

---

ቀይ_ጡብ

የመጀመሪያውን ልመልስ። ምክንያቱ ውሃ፣ ግጭትና ዋጋ ነው፤ መልኩ ከእነዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ሲዬና ዙሪያዋ ሸክላ አፈር ነው። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው አገር ስሙ ራሱ «ክሬቴ» ነው፤ ሸክላ ማለት ነው። ጥሩ የግንባታ ድንጋይ ግን ከሩቅ ተቆርጦ፣ በጋሪ ተጭኖ፣ ዳገት መውጣት አለበት። ስለዚህ ድንጋይ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ይገባል፤ የቀረው በጡብ ይሞላል።

ድንጋይ የሚያስፈልገው ታች ነው። ጡብ ውሃ ይመጥጣል። ከመሬት የሚወጣ እርጥበትና ከአደባባዩ የሚረጭ ዝናብ ዘወትር የሚያገኘው ጡብ፣ ክረምት ሲመጣ ውስጡ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲለጠጥ ፊቱ እየተቀረፈ ይወድቃል። በዚያ ላይ የጋሪ ጎማና የጭነት እንስሳ ግጭት አለ። ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ይህን ይችላል።

ጡቡም ዝም ብሎ አይገነባም። ከመደርደሩ በፊት ውሃ ውስጥ ይነከራል። ደረቅ ጡብ ከኖራው ውሃውን ቶሎ ስለሚመጥበት ኖራው ሳይጠነክር ይደርቃል፤ በእጅ ሲነካ እንደ ዱቄት ይበናል። በአሮጌ ግንብ ላይ መጋጠሚያው ባዶ ሆኖ ጡቡ ብቻ ቆሞ ከታየ፣ አንዱ የተለመደ ምክንያት ይህ ነው።

---

ቅስት_ወዳጅ

በጣም አመሰግናለሁ። እግረ መንገዱን የመስኮቶቹን ነገር ላንሳ፤ ስሜን ያገኘሁት ከዚያ ነውና።

የላይኛው ፎቅ መስኮት እያንዳንዱ ባለ ሦስት ክፍል ነው። ሁለት ቀጫጭን አምዶች ሦስት ትንንሽ ቅስቶችን ይሸከማሉ፤ ከእነሱ በላይ አንድ ትልቅ ሹል ቅስት ሁሉንም ያቅፋል። በትልቁና በትንንሾቹ ቅስቶች መካከል በሚቀረው ቦታ ላይ «ባልዛና» የሚባለው የሲዬና ጋሻ አለ፤ ከላይ ነጭ፣ ከታች ጥቁር።

ብዙ ሰው አምዶቹ ግድግዳውን የተሸከሙ ይመስለዋል። አይደሉም። የላይኛው ጭነት በትልቁ ቅስት በኩል ወደ ግራና ቀኝ ወደ ወፍራሙ ግንብ ይወርዳል። አምዶቹ የሚሸከሙት የራሳቸውን ትንንሽ ቅስትና ያንን ጋሻ ያለበትን ሙሌት ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ያን ያህል መቅጠን የቻሉት። አደጋው የሚመጣው ከጎን ያለው ግንብ ጥቂት ሲሰምጥ ወይም ወደ ውጭ ሲገፋ ነው። ትልቁ ቅስት ይከፈትና ጭነቱን በሙሌቱ በኩል ወደ አምዶቹ ይለቀዋል። ቀጭን አምድ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ከተገኘ አምዱን ከመቀየር በፊት የጎኑን ግንብ መመርመር ነው።

ታች በሮቹ ላይ ያለው ደግሞ «የሲዬና ቅስት» ይባላል፦ ላይ ሹል ቅስት፣ ከሥሩ ለጥ ያለ ሁለተኛ ቅስት። ሹሉ ይሸከማል፤ ለጥ ያለው የበሩን ቁመት ይወስናል። ከተማዋን ሲዞሩ ይህን ድርብ ቅስት በብዙ አሮጌ ቤቶች ላይ ያገኙታል።

ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በ1297፣ ግንባታው በተጀመረበት ዓመት፣ ከፓላዞው ፊት ወዳለው ወደ ካምፖ አደባባይ የሚያዩ አዳዲስ ቤቶች መስኮታቸውን በአምድ እንዲሠሩ፣ ሰገነት እንዳያወጡ ተደነገገ። ከተማዋ ቤቷን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቿንም ፊት አብራ ነደፈች።

---

የድሮ_ካርታ

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። የማማውና የካቴድራሉ ጫፍ እኩል የሆነው «የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት እኩልነት» ምልክት እንዲሆን ነው የሚለው በየመጽሐፉ ይገኛል። ውብ ነው፤ ግን መልክዓ ምድሩን ሳያዩ መቀበል አይገባም።

ካቴድራሉ ያለው ኮረብታ አናት ላይ ነው። ፓላዞው ደግሞ ካምፖ በሚባለው አደባባይ ታችኛ ጫፍ፣ ሦስት ኮረብታዎች የሚገናኙበት ጎድጓዳ ላይ ነው። ደወሉ በኮረብታዎቹ ሁሉ ላይ እንዲሰማ፣ ጫፉም ከሩቅ እንዲታይ ከተፈለገ፣ ከጎድጓዳ የሚነሳ ማማ እጅግ መርዘም አለበት። ስለዚህ ቁመቱ 87 ሜትር ሆነ፤ መብረቅ መሳቢያው ሲጨመር 102 ይደርሳል። ምልክትነቱን አልክድም፤ መጀመሪያ ያስገደደው ግን ቦታው ነው።

ደወል ያኔ ጌጥ አልነበረም። ምክር ቤት የሚጠራው፣ የከተማ በር መክፈቻና መዝጊያ የሚታወቀው፣ እሳትና ጠላት ሲመጣ የሚነገረው በደወል ነበር። ዛሬ ላይ ያለው ትልቁ ደወል የ1666 ሥራ ነው፤ ክብደቱ ከ6 ቶን በላይ ነው፤ ሕዝቡ «ሱንቶ» ይለዋል፤ ከአሱንታ፣ ከእመቤታችን ፍልሰታ ስም የወጣ ነው።

«ማንጂያ» ደግሞ የመጀመሪያው ደወል ደዋይ የጆቫኒ ዲ ባልዱቾ ቅጽል ስም ነው፦ ማንጂያጓዳኚ፣ «ትርፍ በላ»፤ ያገኘውን ሁሉ አጥፊ ማለት። የደዋዩ ስም ለማማው ቀረ።

መሠረቱ ሲጣል የሆነ አንድ ነገር በዜና መዋዕል ተጽፏል፦ ከሥሩ ሳንቲሞች አኖሩ፤ በየማዕዘኑም የዕብራይስጥ፣ የግሪክና የላቲን ፊደል የተቀረጸበት ድንጋይ አስቀመጡ፤ መብረቅና ማዕበል እንዳይነካው።

---

ኖራና_አሸዋ

በማማው ላይ የግንበኛውን በኩል ልጨምር።

ከ1325 እስከ 1348 ሃያ ሦስት ዓመት ነው። 87 ሜትርን ለዚያ ቢያካፍሉት በዓመት ከ4 ሜትር በታች ይወጣል። ሰው «ምን ያህል ዘገዩ!» ይላል። የገንዘብና የፖለቲካ መቋረጥ እንዳለ ሆኖ፣ በኖራ የሚገነባ ረጅም ማማ ከዚህ ብዙ መፍጠን የለበትም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ይቃጠላል። የተቃጠለው በውሃ ሲነካ እየፈላ ይፈርሳል፤ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ቅቤ እስኪለሰልስ ለወራት ይቆያል። ከዚያ 1 እጅ ኖራ ከ2 ወይም ከ3 እጅ አሸዋ ጋር ይቦካል። ይህ ድብልቅ እንደ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋህዶ በሰዓታት አይጠነክርም። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ከፊት ወደ ውስጥ ቀስ እያለ። የማማው ግድግዳ ወደ 3 ሜትር ይወፍራል። የመሐሉ ኖራ ለዓመታት ለስላሳ ነው ማለት ነው።

ቸኩለው ቢጭኑበት ለስላሳው ኖራ ይጨመቃል። አንዱ ጎን በፀሐይና በነፋስ ቶሎ ደርቆ ሌላው እርጥብ ከሆነ መጨመቁ እኩል አይሆንም፤ ማማው ያዘነብላል። ስለዚህ በዘመኑ ልማድ ክረምት ላይ ሥራ ይቆማል፤ የግንቡ አናት ውርጭ እንዳይመታው በገለባና በፍግ ይሸፈናል፤ በጸደይ ይቀጥላል።

በማማው ፊት ላይ በረድፍ የሚታዩት ትንንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ጌጥ እንዳይመስሏችሁ። የመወጣጫው፣ የስካፎልዱ፣ አግዳሚ እንጨቶች የተሰኩባቸው ናቸው። መወጣጫው ከመሬት አልቆመም፤ ከግንቡ ጋር አብሮ ወጣ። ወደፊት ለጥገና ስለሚያስፈልጉ ቀዳዳዎቹን ክፍት ትተዋቸዋል።

አናቱ ላይ ያለው ነጭ የድንጋይ ዘውድ ንድፉ የሠዓሊው የሊፖ ሜሚ እንደሆነ ይነገራል። ከጡቡ ዘንግ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ በድንጋይ መደገፊያዎች ላይ የተቀመጠ ነው።

---

ጀማሪ_ተመልካች

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ብዙ ተማርኩ። በአዳራሾቹ ውስጥ ያሉት ሥዕሎች ግን አንዳንዱ ትናንት የተሣለ ይመስላል፣ አንዳንዱ ግማሹ ረግፏል። በአንድ ዘመን፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው እጅ ተሠርተው ለምን ይህን ያህል ተለያዩ?

---

ልስን

ይህ ጥያቄ የፓላዞውን ሆድ ዕቃ ይነካል፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ አሠራሩ። ፍሬስኮ እርጥብ የኖራ ልስን ላይ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም መቀባት ነው። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ የምናየው፣ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ሌላ ነው፤ እሱ ሙጫው ሲለቅ ከነጨርቁ ይወርዳል። ፍሬስኮ ግን የግድግዳው ቆዳ ነው።

መጀመሪያ ሸካራ ልስን ይመታል። በእሱ ላይ በቀይ አፈር ንድፉ ይሣላል። ከዚያ ለስላሳው የመጨረሻ ልስን ይመጣል፤ ሙሉውን ግድግዳ ሳይሆን ሠዓሊው በዚያ ቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ቁራጭ «ጆርናታ»፣ የቀን ሥራ የሚባለው። ኖራው ከአየር ጋር ሲዋሃድ በላዩ ስስ የመስታወት ዓይነት ገጽ ይሠራል፤ ቀለሙ ከሥሩ ይታሰራል። ልስኑ ከደረቀ በኋላ የገባ ቀለም አይታሰርም፤ በጣት ሲታሽ ይወጣል። በጣም እርጥብ ሳለ ከገባ ደግሞ ይፈሳል።

አንዳንድ ቀለም ግን ኖራን አይችልም። ከመዳብ ማዕድን የሚገኘው ሰማያዊ፣ አዙራይት፣ ልስኑ ከደረቀ በኋላ በዕንቁላል ወይም በቆዳ ሙጫ ነው የሚለጠፈው። ሙጫው በእርጥበት ሲበላሽ ሰማያዊው ይረግፋል። ስለዚህ በአንድ ሥዕል ላይ ፊቱ ድኖ ካባው ጠፍቶ ብናይ አንደነቅ።

አሁን ወደ ሁለቱ ሥዕሎች።

በማፓሞንዶ አዳራሽ ያለው የሲሞኔ ማርቲኒ «ማኤስታ»፣ እመቤታችን በዙፋን ላይ፣ በ1315 ተሠራ። ሲሞኔ ንጹሕ ፍሬስኮ አልሠራም፤ በደረቅ ላይ ብዙ ቀባ፣ ወርቅ ለጠፈ፣ ባለቀለም መስታወት ሰካ፤ ሕፃኑ የያዘው ጽሑፍ እንኳ የተለጠፈ እውነተኛ ወረቀት ነው። በ1321፣ ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ራሱ ተመልሶ መጠገን ነበረበት። ለምን? ከሥሩ የከተማዋ የጨው መጋዘን ነበር።

ጨው ያኔ የመንግሥት ንግድ ነው፤ በፓላዞው ምድር ቤት ይከማቻል። የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ይሟሟል፤ ዝቅ ሲል ተመልሶ ይረጋል። የሟሟው በጡቡና በልስኑ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሳባል፤ ሲረጋ ክሪስታሉ ከቀለሙ ሥር ያድግና ቀለሙን ይገፋዋል። ይህ በየዓመቱ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ማኤስታው ከታች በኩል የተጎዳው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ባለው የዘጠኙ አዳራሽ ደግሞ የአምብሮጆ ሎሬንዜቲ ሥዕሎች አሉ፤ 1338 እና 1339። ሦስት ግድግዳ፦ መስኮቱ ትይዩ የመልካም አስተዳደር ምሳሌ፣ በምሥራቅ ወደ 14 ሜትር የሚረዝም የመልካም አስተዳደር ውጤት በከተማና በገጠር፣ በምዕራብ የክፉ አስተዳደር። ክፉው ነው እጅግ የተጎዳው። ብዙዎች ትርጉም ሊሰጡት ይፈልጋሉ፤ ምክንያቱ ግን ያ ግድግዳ ቀድሞ የውጭ ግድግዳ መሆኑ ነው። ውጭው ቀዝቅዞ ውስጡ ሲሞቅ እርጥበቱ እዚያ ይወርድ ነበር፤ ዝናቡም ከውጭ ይገባ ነበር።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ እንዲህ ያለ ግድግዳ በሲሚንቶ አይለሰንም። ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል፤ የራሱንም ጨው ያመጣል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ በሥዕሉ በኩል ይወጣል። በጎንደር ፋሲል ግቢም በጣሊያን ወረራ ዘመን የገባው ሲሚንቶ በኋላ በኖራ እንዲተካ የተደረገው በዚሁ ሳይንስ ነው።

---

ኖራና_አሸዋ

ልስን ያሉት ሁሉ ልክ ነው። በመልካም አስተዳደሩ ከተማ ውስጥ ከላይ በኩል ግንበኞች መወጣጫ ላይ ቆመው ሲሠሩ ይታያሉ፤ ሎሬንዜቲ ሰላም ያለበትን ከተማ ለማሳየት የመረጠው ያላለቀ ቤት ነው።

ምሳሌው ላይ ደግሞ ፍትሕ ከሚዛኗ የሚወርደውን ገመድ «ስምምነት» የምትባለው ሴት ተቀብላ ለ24 ዜጎች ታስተላልፋለች፤ እነሱ ተያይዘው እስከ ገዢው ያደርሱታል። ስምምነት ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ነገር የአናጺ መላጊያ ነው፤ አናጺዎቻችን እስከ ዛሬ በጣሊያንኛ ስሙ «ፒያላ» የሚሉት። ጎርበጥባጣውን ለማስተካከል።

---

ቀይ_ጡብ

ካምፖን ሳናነሳ እንዳንዘጋ። ይህ «ፒያሳ» (የአዲስ አበባው ሰፈር ስም የመጣበት ያው የጣሊያንኛ ቃል) የፓላዞው አካል ነው። ቅርጹ እንደ ዛጎል ነው። ወለሉ በጡብ በዓሣ አጥንት አሰካክ ተነጥፎ በነጭ ድንጋይ መስመር ለዘጠኝ ተከፍሏል፤ ለዘጠኙ መታሰቢያ። ንጣፉ በ1349 አለቀ።

የነጩ ድንጋይ መስመሮች ሁሉ ወደ አንድ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳሉ፤ ከፓላዞው ፊት ለፊት ያለው የውሃ መውረጃ ነው፤ ጋቪኖኔ ይሉታል። የዚያ ሁሉ አደባባይ ዝናብ እዚያ ይገባል። ቢደፈን ውሃው በቀጥታ የፓላዞው እግር ሥር ይቆማል፤ ከላይ ያልኩት የድንጋይ ምድር ቤት ጥቅም እዚህ ይታያል። የፓላዞው ፊትም ቀጥ ያለ አይደለም፤ ክንፎቹ በጥቂቱ ወደ ፊት ታጥፈው የአደባባዩን ክብ ይከተላሉ።

ከማማው ግርጌ ያለው ክፍት ጸሎት ቤት ግን ከኋላ የመጣ ነው። የ1348ቱ ወረርሽኝ ሲያልፍ በስእለት ተጀመረ፤ 1352። በ1376 ተፈጸመ፤ የላይኛው ክፍል በ1460ዎቹ በአንቶኒዮ ፌዴሪጊ ተቀየረ። ለዚህ ነው ታቹ ጎቲክ (የመካከለኛው ዘመን ስልት)፣ ላዩ የህዳሴ ዘመን የሆነው።

---

ጀማሪ_ተመልካች

የፍሎረንሱ ፓላዞ ቬኪዮ ከዚህ በምን ይለያል? እና በማፓሞንዶ አዳራሽ የተሣለው ፈረሰኛ፣ ጊዶሪቾ፣ በእርግጥ የሲሞኔ ሥራ ነው?

---

ቅስት_ወዳጅ

ፍሎረንስን በአጭሩ፦ በ1299 ተጀመረ፤ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚለያቸው። እሱ ከላይ እስከ ታች ሸካራ ድንጋይ ነው፤ ምሽግ ይመስላል። ማማው የቀድሞ የአንድ ቤተሰብ ማማ ላይ ስለተነሳ ከመሐል ፈቀቅ ብሏል። የሲዬናው ግን በአምዳማ መስኮቶቹ ወደ አደባባዩ ይከፈታል።

ሌላውን የድሮ_ካርታ ይመልስልዎት።

---

የድሮ_ካርታ

ጊዶሪቾ፣ የሲዬና የጦር አዛዥ፣ ከማኤስታው ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ነው። ብቻውን በፈረስ፣ በተራቆተ ምድር ላይ፣ ሞንቴማሲ የሚባለውን ምሽግ ከቦ። ከሥሩ 1328 የሚል ዓመት ተጽፏል። በ1330 ሲሞኔ ሞንቴማሲንና ሌላውን ምሽግ ሳሶፎርቴን በመሣሉ የተከፈለው ክፍያ ተመዝግቧል። የሲሞኔ መሆኑ ለረጅም ጊዜ አላጠያየቀም። በ1977 ግን ጎርደን ሞራን የተባለ ተመራማሪ «የሲሞኔ አይደለም» ብሎ ተነሳ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

በ1980 ከጊዶሪቾ በታች ተሸፍኖ የነበረ ሌላ ፍሬስኮ ወጣ፤ ሁለት ሰዎችና አንድ ግንብ ያለበት። በላዩ ክብ ክብ የጭረት መስመሮች አሉ። እነዚህ ሎሬንዜቲ በ1345 የሠራው፣ በምሰሶ ላይ የሚሽከረከር ክብ የዓለም ካርታ የፋቃቸው ናቸው፤ ካርታው ጠፍቷል፤ አዳራሹን «ማፓሞንዶ» ያሰኘው ግን እሱ ነው።

ጥያቄውን የሚፈርደው «ልስን» ቀደም ብሎ ከገለጸው የቀን ሥራ የሚከተል ሕግ ነው፦ በኋላ የመጣ ልስን ጠርዙን በቀደመው ላይ ይደርባል። ታችኛው ሥዕል ከ1345 በፊት መሆኑን ጭረቱ ይመሰክራል። «1330 የተከፈለበት ይህኛው ከሆነስ? ፈረሰኛው በኋላ ቢመጣስ?» የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ የሲሞኔን እጅ በፈረሱ ልብስ ጥለትና በገጠሩ አሣሣል ያዩታል። ሁለቱም ወገን የሚመለስበት የልስኑ ጠርዝ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለዘመናት የተደራረበ ጥገና ስላለ የቱ የመጀመሪያው ጠርዝ እንደሆነ መለየት ነው ያስቸገረው። እኔ ሲሞኔ ነው ወደሚለው አዘነብላለሁ፤ ግን በልስኑ ሳይሆን በዓይኔ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የሚገባ ሰው ፈረሰኛውን ካየ በኋላ ዓይኑን ዝቅ ያድርግ። ፊት ለፊት ከመቆም ይልቅ ከግድግዳው ጎን ሆኖ ብርሃኑ ገደላማ ሲያርፍበት ቢያይ፣ የጠፋው ካርታ የዞረበት ክብ ተደራርቦ ይታየዋል።